በነፍስ ወከፍ አስር ኪሎ

ጋሼ ሚዛንን የሚወድ ሰው ጣቢያችን ውስጥ አልነበረም። እኔም እወደው ነበር ብዬ አላስመስልም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠን፣ አንዲት ማራገቢያ እየተሻማን ስንሠራ ቆሽቴን ያላሳረረበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። መስኮት ስከፍት ወረቀቴ በረረ ይላል፤ ስዘጋ ታፈንኩ ይላል። እርሳስ ከተዋስኩት ሥራ ስንጨርስ ይጠይቀኛል፤ ስመልስለትም ዓይኑ አጠገብ አድርጎ ያገላብጠውና "ስትወስጂው ከዚህ ይረዝም ነበር" ይለኛል።

እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው። ሚዛን ያሰኘው ሥራው ነው። ጣቢያችን የዱር እሳት የሚያጠፉ ቡድኖችን ወደ ተራራ የሚያወጣ የሄሊኮፕተር ጣቢያ ነው። ያለን ሄሊኮፕተር አንድ ነው፤ ሰው ሲያመላልስ ያረፍድና ሰው ሲያልቅ ከሆዱ ሥር በረጅም ገመድ ትልቅ ባልዲ ይንጠለጠልለትና ከግድቡ ውሃ እየጨለፈ እሳቱ ላይ ሲደፋ ይውላል። እኔ ሬዲዮ ላይ ነኝ። ጋሼ ሚዛን ደግሞ ከክፍላችን በር ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር በተተከለው ሰፊ ሚዛን ላይ የሚሳፈረውን ሰውና ዕቃ ሁሉ እየመዘነ የጭነት ቅጹ ላይ ይጽፋል። ካፒቴኑ ራሱ አይመዝንም፤ የተጻፈለትን አምኖ ነው የሚነሳው።

ሄሊኮፕተር ከሩቅ ለሚያየው ጉልበተኛ ይመስላል እንጂ ሙቀት የማይችል ፍጥረት ነው። ማለዳ አየሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ስድስት መቶ ኪሎ ምንም ሳይመስለው ተራራው አናት ላይ ያደርሳል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ አየሩ ይሳሳና፣ ያው ሄሊኮፕተር ከዚያው አናት ላይ አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ እንኳ የሚያነሳው በጭንቅ ነው። ከዚያ በላይ ከጫኑት ይነሳል፣ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ገደሉ ያውቃል። ይህን ለአዲስ ገቢ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል። እንዲያከብረው ማድረግ ግን ጋሼ ሚዛን በሃያ ሁለት ዓመትም አልሆነለትም።

ገበያ ላይ ሚዛን የሚሰርቀው ሻጩ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚሰርቀው ተመዛኙ ነው። ምክንያቱም ኪሎው ካነሰ በአንድ ጉዞ አንድ ሰው ይጨመራል፤ ካልሆነ ያ ሰው ሁለተኛውን ጉዞ ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቅ አለበት፣ ወይም የመጋዙን ቤንዚን ተሸክሞ በእግሩ መውጣት አለበት። ስለዚህ አንዱ የውሃ ኮዳውን ለተመዘነው ጓደኛው ያቀብላል። ሌላው ተረከዙን ከሚዛኑ ጠርዝ ውጭ መሬት ላይ ያሳርፋል። የቤንዚን ጀሪካን ከመጋዘኑ ጀርባ ተደብቆ ያድርና፣ ወደ ሄሊኮፕተሩ አጎንብሰው ሲሮጡ መንገድ ላይ ብድግ ይደረጋል። ጋሼ ሚዛን ይህን ሁሉ ያያል። ያያል፣ ይጮሃል፣ ተረከዝ በእርሳሱ ይወጋል፣ ጀሪካን እያስወረደ እንደገና ያስመዝናል፤ በዚህ መሃል ካፒቴኑ ሞተር አስነስቶ ነዳጅ እያቃጠለ ይጠብቃል፣ የቡድን አለቆች ሰዓታቸውን ያሳያሉ፣ እኔ ሬዲዮ ላይ እሰደባለሁ። በየዓመቱ ለዋናው ቢሮ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ቢሮውም በየዓመቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለው ነበር።

ቤቱም ያው ነው። ባለቤቱ እትዬ ነርሷ በሽተኛ መዝና መዝና ቤቷ ስትገባ ባሏም የሚያወራው ስለ ኪሎ መሆኑ ያስቃታል። "ሙሽራ ሆኜ ስገባ ዘመዶቹ በእልልታ ሲቀበሉኝ እሱ ሻንጣዬን አንስቶ አስራ አራት ኪሎ ነው አለ" እያለች ታወራለች። እሱ አስራ አራት ተኩል ነው ብሎ ያርማታል።

ከስምንት ዓመት በፊት በበጋ፣ በዚያው እኛ በምናውቀው ሌብነት፣ ሄሊኮፕተሩ ሸንተረር ላይ ሲያርፍ ወደቀ። ሰው አልሞተም። የቀድሞው ካፒቴን ግን ወገቡ ተሰብሮ ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ፍርስራሹ ውስጥ ቅጹ ላይ ያልተጻፉ አምስት ጀሪካኖች ተገኙ። ያን ጊዜ የተጠየቀው ማን ይመስላችኋል? ጀሪካን የደበቀውማ ማን ነኝ ይላል? ጋሼ ሚዛን ነው አስር ቀን መርማሪዎች ፊት ቁጭ ብድግ ሲል የከረመው። በመጨረሻ ጥፋት አልተገኘብህም ብለው ለቀቁት።

ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ቀነሰ። ተረከዝ መውጋት ተወ። ሁላችንም አረጀ፣ በረደለት አልን። አንድ ቀን የተበላሸ አንቴና ለማየት ከቴክኒሻኑ ጋር ተሳፍሬ መውጣት ነበረብኝና ተመዘንኩ። ሰባ አንድ ነኝ፤ መርፌውን በዓይኔ አይቻለሁ። ቅጹን ለካፒቴኑ በሬዲዮ የማነበው እኔው ነኝና ስሜ ጋ ስደርስ ሰማንያ አንድ ይላል። መቼም ሴት ልጅ በኪሎዋ ዝም አትልም። ወደ እሱ ዞሬ ምን ማለት ነው ስለው በሩን ዘጋና ነገረኝ። ለሁሉም ሰው አስር ኪሎ ይጨምራል። ይሰርቁኛል፣ መስረቃቸውን ማስቆም አልቻልኩም፣ ስለዚህ የሚሰርቁትን ቀድሜ እጽፈዋለሁ አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አልፈረድኩበትም። እንዲያውም ሳቅሁ። ካፒቴኑ እንዳያውቅ፣ ካወቀ እሱ ደግሞ በሆዱ ይቀንሳል፣ ከዚያ እውነቱን እግዜር እንኳ አያገኘውም አለኝ። ለማንም አልነገርኩም። ይህን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ በኋላ የሱን ብቻ አውርቼ የራሴን የደበቅሁ እንዳይመስል ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ።

ጋሼ ሚዛን አንዲት ሴት ልጅ ነው ያለችው። እሳት ማጥፋት ቡድን እገባለሁ ስትለው ስድስት ወር አኩርፏት ነበር። እሷ ግን ማኩረፍን ከማን ተማረችና! ሰባተኛውን ወር እሷ አኮረፈችው። በመጨረሻ ፈተናውን አልፋ ገባች፣ በአራት ዓመት ውስጥ የአስር ሰው ቡድን ምክትል ሆነች። ምክትል በሆነች ሳምንት ጓዶቿን ከመጋዘኑ ጀርባ ሰብስባ፣ ከዛሬ ጀምሮ የአባቴን ሚዛን የሚሰርቅ ከእኔ ጋር ተራራ አይወጣም አለቻቸው። ሳቁባት። በማግስቱ ጀሪካን የደበቀውን ልጅ፣ ያውም የአለቃውን የእህት ልጅ፣ ከመስመር አስወጥታ አስቀረችው። አለቃው ተቆጣ፣ ቡድኑ ሁለት ሳምንት ምሳ ላይ አላናገራትም፤ ንቅንቅ አላለችም። ቀስ በቀስ ለመዱት። ኮዳቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሁለት እግራቸውን ገጥመው፣ ቤንዚናቸውን አቅፈው ይመዘናሉ። ሌሎቹ ቡድኖች "ጻድቃን" ብለው አወጡላቸው። ሲያልፉ በማፌዝ ቆባቸውን እያወለቁ እጅ ይነሷቸዋል። እነሱም በኋላ በኋላ ኮሩበት።

እሁድ ቤታቸው ምሳ ጋብዘውኝ ሳለ ይህን ለአባቷ ነገረችው። እኛ በልክ ነን፣ የጻፍከው ቁጥር የእኛው ቁጥር ነው አለችው። ጎሽ አላት፤ ሰላጣም ጨመረላት። ሰኞ ጠዋት የጻድቃንን ቅጽ ሳነብ ለእያንዳንዳቸው አስር አስር ኪሎ ተጨምሯል።

በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩትም። እነዚህ እንኳ አይሰርቁም፣ አንተም ታውቃለህ አልኩት። ግንባሩን ቋጠረና፣ ለእነሱ ከተውኩ ልጁ ስላለችበት አዳላ ይሉኛል፣ ደግሞም ዛሬ ያልሰረቀ ነገ ይሰርቃል አለኝ። ለማንም የማያዳላ ሰው መሆኑን ለማሳየት ልጁ ላይ ጨከነ። እንዲህ ያለ ቀናነት ያናድደኛል። ግን ሥራው የሱ ነው፤ እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ወደ ወንበሬ ዞርኩ።

ያን ቀን ጻድቃን በማለዳ ነው የወጡት። ሥራቸው ሸንተረሩ ላይ እሳቱ እንዳይሻገር ዛፍና ቁጥቋጦ እየመነጠሩ አፈሩ እስኪታይ መጥረግ ነበር። አየሩ ቀዝቃዛ ስለነበረ ከነመጋዛቸው አምስት አምስት ሆነው በሁለት ጉዞ ደረሱ። ነፋስ እንደማይኖር የአየር ሁኔታ ክፍሉ ጽፎ ልኮ ነበር። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አለቃው በሬዲዮ ጠራኝ። ነፋሱ ዞሯል፣ እሳቱ ከሥራችን ሸለቆውን ይዞ ወደ እኛ እየወጣ ነው፣ አንሱን አለ። ድምፁ ላይ ድንጋጤ የለም፤ ብቻ ይፈጥናል። ካፒቴኑ ወዲያው ሞተር አስነሳ። በዚህ ሙቀት ከዚያ ከፍታ ላይ አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው የማነሳው፣ ሰው ደርድሩልኝ አለ። ጋሼ ሚዛን መጋዙንና ዶማውን እዚያው ጥለውት እንደሚመጡ ቆጥሮ፣ የጠዋቱን ቅጽ አወጣ፣ ደመረ።

"አራት" አለኝ። "አራት፣ አራት፣ ሁለት።"

ሦስት ጉዞ ማለት ነው። አንዱ ጉዞ ደርሶ መልስ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ለአለቃው ነገርኩት። የሁለት ጉዞ ጊዜ እንጂ የሦስት ጉዞ ጊዜ የለንም፣ አምስት አምስት አድርጉን አለ። ለጋሼ ሚዛን አስተላለፍኩ። አምስቱ አራት መቶ ዘጠና ስድስት ይሆናሉ፣ አይነሳም አለ። እርሳሱ ቁጥሩ ላይ ነው። እኔ ያን ቁጥር አውቀዋለሁ። ከውስጡ ሃምሳው የሱ ነው።

ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ። በሥራ ሰዓት አባቷን በሬዲዮ አስጠርታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን "ለአባዬ ንገሪው" አለች። "እኛ በልክ ነን በይው። አምስት እንገባለን። እሱ ያውቃል።"

ድምፅ ማጉያው ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ ራሱ ሰምቷል። ማስተላለፍ አላስፈለገኝም። ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እርሳሱን ግን ከቁጥሩ ላይ አላነሳም።

"ጋሼ" አልኩት፣ "አውጣው። አስሯን አውጣት።"

"ሁሉም እኮ እንዲህ ነው የሚለው" አለኝ።

ያን ጊዜ ጣቴ የሬዲዮው ቁልፍ ላይ ነበር። ተጭኜ ለካፒቴኑ፣ ቅጹ ውስጥ በሰው አስር ኪሎ ትርፍ አለ ማለት እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። አላልኩም። ሚዛን የሱ ነው፣ ሬዲዮ የኔ ነው፤ ለዓመታት ያቆየሁት ምስጢር በዚያች ደቂቃ አፌን ቆለፈው። "አራት" ብዬ አስተላለፍኩ።

በእኛ ደንብ መጨረሻ የሚወጡት አለቃና ምክትል ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አራት መጡ፤ ሁለተኛዎቹ አራት መጡ። ሲወርዱ የአንዳቸውም ዓይን ሚዛኑ ጋ አላረፈም፤ ሁሉም ዞረው ወደ ተራራው ነው የሚያዩት። ካፒቴኑ ሦስተኛውን ሄደ። ሸንተረሩ ጋ ሲደርስ ማረፊያዋ በጭስ ተሸፍናለች። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ዝቅ ሊል ሞክሮ ነፋሱ ወደ ገደሉ ገፋው። ባዶውን ተመለሰ። ከመቀመጫው ሳይወርድ ባልዲውን አንጠልጥሉልኝ አለና፣ ሁለቱ ይኖሩበታል ብሎ የገመተው ቦታ ላይ ጭሱን በውሃ ሲደበድብ ዋለ። አስራ አንድ ባልዲ ቆጥሬያለሁ። ሬዲዮ ላይ የሚመልስልኝ አልነበረም።

ከሦስት ሰዓት በላይ እንዲህ ሆነን ቆየን። በየአምስት ደቂቃው እጠራለሁ፣ ሹርር ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለም። እትዬ ነርሷ ከሥራዋ ሮጣ መጥታ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ባሏን አንድም አልጠየቀችውም። ስምንቱ ጻድቃን ደረታቸውን ታቅፈው ከቆርቆሮው ሥር ቆመዋል። ጋሼ ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ስላልገባኝ ተናደድኩ፤ በዚህ ሰዓት ደግሞ ምን ይቆጥራል ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። ያንኑ ቅጽ እንደገና እየሠራው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አስሯን እያወጣ ደምሮታል። የመጀመሪያው አምስት አራት መቶ አርባ ስድስት፣ ሁለተኛው አምስት አራት መቶ ሠላሳ አንድ።

"ይገቡ ነበር" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወደ ሬዲዮዬ ተመለስኩ።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መንገድ የሚጠርግ ማሽን የሚነዳ ሰው ከጫካው መንገድ ላይ ደወለ። ሁለት ጥቀርሻ የመሰሉ ሰዎች ከዛፍ ውስጥ ወጥተው ፊቱ ቆመዋል። በሕይወት አሉ አለ። ቀደም ሲል ተቃጥሎ ወደ ከሰለ መሬት ሮጠው፣ እንደ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቀውን የእሳት መከላከያ ጨርቅ ለብሰው በሆዳቸው ተኝተው እሳቱ በላያቸው አልፏል። ነፋሱ ጨርቁን እንዳይገልበው ጠርዙን በእጇ ጨብጣ የያዘችው እሷ ናት። ጓንቱ ነደደ፤ እሷ ግን አለቀቀችም። የአለቃው ባት ተቃጥሏል፣ የእሷ ሁለቱም እጆች እስከ አንጓዋ።

ሆስፒታል ሄጄ አየኋት። እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተዘርግተዋል። እናቷ ታጎርሳታለች። አባቷ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስለ ክፍሉ ሙቀት ያወራል። እሷ አታኮርፈውም፤ አባዬ ተቀመጥ እንጂ እያለች ትለምነዋለች። ነፋሱን ትረግማለች፣ የአየር ሁኔታ ክፍሉን ትረግማለች። ያንን ወረቀት የጻፈውን ሰው ሚዛን ላይ አቁሜ ጭንቅላቱን ብቻ ብመዝነው ባዶ ነው የሚሆነው ብላ አሳቀችን። እሱ አልሳቀም። እንዳልነገራት ገባኝ። ኮሪደሩ ላይ ይዤው ንገራት ብለው፣ አጣሪዎቹ ፊት እናገረዋለሁ፣ እዚያ ነው ቦታው አለኝ። ለልጁ የሚነግረውን ነገር እንኳ ቅጽ ካልተሞላለት አይነግርም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አንድ ጡረታ የወጣ አብራሪ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አንዲት የደህንነት ክፍል ኃላፊ። በስብሰባ ክፍላችን ረጅሙ ጠረጴዛ ራስ ላይ ተቀመጡ። ካፒቴኑ፣ እኔ፣ አለቃው በምርኩዙ፣ ልጅቷ ከነፋሻዋ በሁለቱም ጎን ተደረደርን። ጋሼ ሚዛን ለልጁ ምርቃት የገዛውን ኮት ለብሷል። ተራው ሲደርስ ተነስቶ ቆመና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ተናገረ። ስምንት ዓመት ለእያንዳንዱ ሰው አስር ኪሎ እንደጨመረ፤ በዚያ ቀንም እንደጨመረ፤ ባይጨምር ኖሮ በሁለት ጉዞ ሁሉም ይመጡ እንደነበር። ሁለቱን ድምር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እጁን አጣምሮ ፍርዱን ጠበቀ።

እኔም ተነስቼ አውቅ ነበር አልኩ። ጸሐፊዋ መዘገበችው።

የሕግ ባለሙያው ወረቀቱን አየው። ለአብራሪው ሰጠው፣ አብራሪው ራሱን እየነቀነቀ ለኃላፊዋ ሰጣት። ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀችና፣ በእውነቱ ይህ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው አለች። ቢነሳና ቢወድቅ ኖሮ አምስት ሰው ከነካፒቴኑ ነበር የምናጣው፤ ይህ አሠራር በሌሎች ጣቢያዎችም በመመሪያ ቢደነገግ መልካም ነው አለች። አብራሪው ደገፋት። እንደ እርስዎ ያለ አስተዋይ ሠራተኛ ይብዛልን አለው።

ጋሼ ሚዛን እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ድምፁን ግን አላነሳም። አመስግኑኝ አላልኩም፣ ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት፣ እነዚህ ሰዎች አይሰርቁም ነበር አላቸው። የሕግ ባለሙያው በትህትና፣ እሱን በዚያን ሰዓት ማወቅ አይችሉም ነበር ብሎ አጽናናው። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል የሚባለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እርጥቧ ልጅ እጇን በፋሻ ታስራ ፊታቸው ተቀምጣ ሳለ ደረቁን ሲያመሰግኑት ሳይ ግን ጠረጴዛውን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝም። ለእኔም ቢሆን የደረሰኝ ወደፊት መረጃ እንድታካፍይ የሚል ምክር ብቻ ነው። ወቀሳ ፈልገን ሄደን ምስጋና አሸክመው መለሱን።

ኮሚቴው ወደሚቀጥለው ነጥብ ሊያልፍ ሲል ልጅቷ ጥያቄ አለኝ አለች። የሕግ ባለሙያው በእጁ ፈቀደላት። እሷ ግን ወደ እሱ አልዞረችም።

"አባዬ፣ ለእኔ ስንት ጻፍክ?"

ጋሼ ሚዛን እንደቆመ ነው። ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ፤ ወረቀቱን ማየት እንደማያስፈልገው ግን ሁላችንም እናውቃለን።

"ዘጠና" አለ።

"ስንት ነበርኩ?"

"ሰማንያ።"

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ፤ የእህቱ ልጅ ነገር ትዝ ያለው ይመስለኛል። ከዚያ ልጅቷ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትከስ፣ አንድ ያልገባትን ነገር እንደምታጣራ ሆና ተናገረች።

"በአንተ የተነሳ እኮ ነው ከጓደኞቼ ጋር የተጣላሁት። አባቴን አትስረቁት ብዬ። እነሱን አላመንካቸውም፣ እሺ። አታውቃቸውም።" በፋሻ የታሰሩ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። "እኔን?"

መልስ ጠበቀች። ጋሼ ሚዛን አፉን ከፈተ፤ ስለ ማዳላት፣ ስለ አምስቱ ጀሪካን፣ ስለ ቀድሞው ካፒቴን ወገብ ሊነግራት እንደፈለገ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። አንዱንም አልተናገረም። የሕግ ባለሙያው ገጹን ገለጠና ስለ አየር ሁኔታ ትንበያው ካፒቴኑን መጠየቅ ጀመረ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ተነሳ። የልጅቷ ጃኬት ወንበሯ ድጋፍ ላይ ነበር። በእነዚያ እጆቿ ልታነሳው አልቻለችም፤ በክንዷ ጎትታ ደረቷ ላይ አስደገፈችው። አባቷ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። ሊያለብሳት ሁለት እጁን ዘረጋ። እሷ ጃኬቱን እንደታቀፈች በአጠገቡ አልፋ እኔ ጋ መጣችና ያዥልኝ አለችኝ። እጅጌውን በፋሻው ላይ እንዳያማት ቀስ እያልኩ አስገባሁላት፣ ዚፑን ዘጋሁላት። ጋሼ ሚዛን እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር።